ዕብራይስጥና ግሪክ በዌብ አፕሊኬሽን ላይ በትክክል እንዲታዩ እንዴት ይደረጋል?

በባሕር ዳር ተቀምጬ ዌብ አፕሊኬሽን መሥራት ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ በአብዛኛው በአማርኛ ስለሆነ፣ የግእዙን መዝሙረ ዳዊት ከግሪኩና ከዕብራይስጡ ጋር በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን የሚያሳይ አፕሊኬሽን እንድሠራ እስክጠየቅ ድረስ ፊደል ራሱ ችግር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በመሆኑ፣ ሦስቱን በአንድ ገጽ ማየት ለመጻሕፍት ተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ያልሁት ሥራ አራት ወር ወሰደብኝ። ጊዜውን የበሉት ጥቂት ነጥቦች ስለሆኑ፣ ቀላሉን በአንድ መስመር እያለፍሁ እነርሱ ላይ እቆያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በእኛ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው ጋር የተዋሐደ ነው፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በተሰጠው ቁጥር ሲሆን፣ «ሺ» አንድ ቁጥር ብቻ ናት። በዕብራይስጥ ግን ተነባቢው አንድ ቁጥር ነው፣ በቀኝ ትከሻው ላይ ያለችው ነጥብ ሌላ ቁጥር ናት፣ ከሥሩ ያለው አናባቢም ሦስተኛ ቁጥር ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በዕብራይስጥ የሚከፈትበትን «በሬሺት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ 4 ቁጥር ሆኖ ቁጥሮቹ በባይት በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት 12 ባይት ይይዛል። በዕብራይስጥ ከነምልክቱ ሲጻፍ ለዓይን ስድስት ፊደል ቢሆንም፣ ለኮምፒውተሩ ስድስት ፊደልና አምስት ምልክት፣ በድምሩ 11 ቁጥርና 22 ባይት ነው። ከአማርኛ ሥራ ይዘነው የመጣነው ልማድ ሁሉ፣ ፊደል መቁጠሩ፣ ቃል መቁረጡ፣ ሁለት ቃል ማወዳደሩ፣ እዚህ ላይ የሚያሳስተን በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንኮዲንግ

ፋይሉ፣ ዳታቤዙ፣ ሰርቨሩ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመርና የገጹ ራስጌ ሁሉም ዩቲኤፍ-8 ይሁኑ። ማይኤስኪውኤል ላይ «ዩቲኤፍ8» የሚለውን አሮጌ ስም ትተው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን ይምረጡ። አማርኛው በትክክል ከታየ ይህ ደረጃ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ዕብራይስጡን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ንጹሕ ጽሑፍ ማግኘት

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩትን የግእዝ ፎንቶች የሚያስታውስ ሰው ይህን ችግር በቀላሉ ይረዳዋል። ያን ጊዜ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ሲሆን የግእዝ ቅርጽ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። በግሪክና በዕብራይስጥም እንዲሁ የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ፎንቱን ቀይረው ሲያዩት ወደ ላቲን የሚለወጥ ጽሑፍ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ሳይመልሱ ዳታቤዝ ውስጥ አያስገቡት። ከፒዲኤፍ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው፤ ወይም 8206፣ 8207 እና ከ8234 እስከ 8238 ያሉትን የማይታዩ የአቅጣጫ ምልክቶች ይዞ ይመጣል። እነዚህን ሲያስገቡ ይሰርዟቸው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው የዩኒኮድ ቁጥሮች በተለመደው አሥራዊ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ውስጥ ሲጻፉ ወደ አሥራ ስድስትዮሽ መቀየር አለባቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ግድ ይለኛል። የዕብራይስጡን መዝሙር ካስገባሁ በኋላ በተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ላይ ስመለከተው ፊደላቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረው ታዩኝ። ጽሑፉ ተገልብጦ መጥቷል ብዬ ስለደመደምሁ፣ እያንዳንዱን የመዝሙር ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት የሚገለብጥ አጭር ፕሮግራም ጽፌ 150ውንም መዝሙር ለወጥሁ። በተርሚናሉ ላይ አማረ። በብራውዘር ስከፍተው ግን ሙሉ በሙሉ ግልብጥ ከመሆኑም በላይ፣ ምልክቶቹ ከፊደላቸው ቀድመው ስለተቀመጡ እያንዳንዱ አናባቢ በጎረቤቱ ፊደል ሥር ገብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ ለይቼ ስላላስቀመጥሁ እንደገና ሰብስቤና አጽድቼ ለማስገባት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ጽሑፉ ከመጀመሪያውም አልተገለበጠም ነበር። ዕብራይስጥ በዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው በሚነበብበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የሚነበበው ፊደል መጀመሪያ ይቀመጣል። ከቀኝ መጀመሩ በሚታይበት ጊዜ ብቻ የሚከናወን የብራውዘሩ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ተርሚናሎች ግን ይህን ሥራ አይሠሩም። ስለዚህ በተርሚናል ላይ በዓይን ከመፍረድ ይልቅ የመጀመሪያውን ፊደል ቁጥር ያስወጡ። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ፊደል ቤት ናት፤ ቁጥሯም 1489 ነው። በመጀመሪያው ቦታ 1489 ካገኙ ጽሑፉ ደኅና ነውና እጅዎን ያንሡ።

አቅጣጫ

የዕብራይስጡን ዓምድ በያዘው ታግ ላይ «ዲር» የተባለውን አትሪቢዩት «አርቲኤል» (ከቀኝ ወደ ግራ) በሚለው እሴት ያስገቡ፤ «ላንግ» የሚለውንም ለዕብራይስጥ «ኤችኢ»፣ ለጥንታዊው ግሪክ «ጂአርሲ»፣ ለግእዝ «ጂኢዜድ» ብለው ይሙሉ። አቅጣጫን በሲኤስኤስ ብቻ መስጠት እንደ አቋራጭ የሚቆጠር ቢሆንም አልመክረውም። አቅጣጫ የጽሑፉ ጠባይ እንጂ ጌጥ አይደለምና፣ የሲኤስኤሱ ፋይል ሳይደርስ ሲቀር አብሮ መጥፋት የለበትም። ራሱን ለቻለ ዓምድ ይህ ብቻ ይበቃል።

ከባዱ ዕብራይስጡ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ነው። በማብራሪያው ክፍል አንድ የዕብራይስጥ ቃል ጠቅሼ ቀጥሎ 3፥15 ብዬ ምዕራፍና ቁጥር ጻፍሁ። በስክሪኑ ላይ የታየው ግን 3 ከዕብራይስጡ በስተግራ፣ ፥15 ደግሞ በስተቀኝ ሆኖ ነበር። ምዕራፉና ቁጥሩ ለሁለት ተከፍለው ቃሉን መካከላቸው አስገብተውታል። በፋይሉ ውስጥ ግን አብረው ነበሩ።

ምክንያቱ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ምልክት የአቅጣጫ ጠባይ ስለሚሰጥ ነው። የዕብራይስጥ ፊደል ወደ ግራ አጥብቆ ይስባል፤ የእኛና የግሪኩ ፊደል ወደ ቀኝ አጥብቆ ይስባል። እንደ 3 ያለው ቁጥር ደካማ ነው፤ ከፊቱ ያለፈው ፊደል ዕብራይስጥ ከሆነ እርሱን ተከትሎ ይሄዳል። ክፍት ቦታ፣ ቅንፍና የእንግሊዝኛው ነጥብ ደግሞ የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም፤ ጎረቤታቸውን ይመስላሉ። የእኛ ሥርዓተ ነጥብ ግን ከዚህ ይለያል፤ «።»፣ «፥» እና «፤» በዩኒኮድ ልክ እንደ ፊደል ወደ ቀኝ አጥብቀው የሚስቡ ሆነው ተመዝግበዋል። ስለዚህ የምዕራፉ 3 ከዕብራይስጡ ቀጥሎ ስለመጣ ወደ ግራ ተሳበ፤ «፥» በቦታዋ ጸናች፤ 15ም «፥»ን ተከትሎ ከእርሷ ጋር ቀረ። በመካከሉ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ቢሆን ኖሮ 3 እና 15 ተያይዘው ወደ ግራ ያልፉ ነበር። ለዚህ ነው በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ መመሪያዎች የእኛን ችግር በመልኩ የማይገልጹት፤ እነርሱ ጋ ቁጥሩ ሙሉውን ይዘልላል፣ እኛ ጋ ለሁለት ይከፈላል።

ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ ፫፥፲፭ ብዬ ስጽፈው ችግሩ ጠፋ፤ የግእዝ አኃዞችም ወደ ቀኝ የሚስቡ ናቸውና። ደስ ብሎኝ በዚያው ልተወው ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ዕብራይስጡን በቅንፍ ካስገባሁት በኋላ ዓመተ ምሕረት ስጽፍ እንደገና ተዘበራረቀ፤ መድኃኒት ያልሁት ነገር ሕመሙን ሸፍኖት ኖሯል።

መድኃኒቱ ማግለል ነው። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ የዕብራይስጥ ቃል ወይም ሐረግ በራሱ «ስፓን» ታግ ውስጥ ይግባ፤ በዚያ ታግ ላይም «ዲር» «አርቲኤል» ይባል። ዘመናዊ ብራውዘሮች በዚህ አትሪቢዩት የታጠረውን ጽሑፍ ከውጭው ይለዩታል፤ የውስጡ ዕብራይስጥ የውጭውን ቁጥር አይስብም፣ የውጭው ቅንፍም ወደ ውስጥ አይገባም። ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ከታጉ ውጭ መቅረቱን ያረጋግጡ። ተጠቃሚው ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ ከሆነና በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ አስቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ «ቢዲአይ» የተባለውን ታግ ይጠቀሙ፤ በመጻፊያ ሣጥኑ ላይ ደግሞ «ዲር» «ኦቶ» ይሁን።

የማይታየውን 8206 ምልክት በእጅ እያስገቡ ቁጥሩን ወደ ቦታው መመለስም ይቻላል፤ ብዙ ፕሮግራመሮች የሚያደርጉት ይህንን ነው። እኔ ግን እቃወመዋለሁ። የማይታይ ነገር ማን፣ የትና ለምን እንዳስገባው አይታወቅም፤ በፍለጋ ጊዜም አንዱን ቃል ከራሱ ጋር የማይመሳሰል ያደርገዋል። ታግ በማይገባበት ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ በብራውዘሩ የገጽ ርእስ ላይ፣ ዕብራይስጡን በማይታዩት የማግለያ ምልክቶች፣ በ8295 ከፍተው በ8297 ይዝጉት።

ምልክቶቹን ሳይነጥሉ መቁረጥና ማስተካከል

በዝርዝር ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹን 40 ፊደላት ቆርጦ ማሳየት በአማርኛ ምንም ችግር የለውም። በዕብራይስጥ ግን ቆረጣው በፊደሉና በምልክቱ መካከል ሊያርፍ ይችላል። በጃቫስክሪፕት «ኢንትል ሴግመንተር» የተባለው መሣሪያ ፊደልን ከነምልክቱ እንደ አንድ ስለሚቆጥር በእርሱ ይቁረጡ፤ ወይም በሲኤስኤስ መስመሩን ብቻ ወስነው ጽሑፉን አይንኩት።

ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም በተለያየ መንገድ የተቀመጠውን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት፣ በግሪክና በዕብራይስጥ ተቃራኒ ምክር ይፈልጋል። ግሪኩን እንይ፤ «ሎጎስ» በሚለው ቃል ላይ አክሰንት ያለበት ኦሚክሮን 972 ተብሎም 8057 ተብሎም ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ለዓይንም አይለያዩም፤ ለኮምፒውተሩ ግን እኩል ስላልሆኑ አንባቢው ቃሉ ፊቱ እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። ግሪኩን በሙሉ ሲያስገቡ «ኤንኤፍሲ» በተባለው ሥርዓት ያስተካክሉት፤ ሁሉም ወደ 972 ይመጣል።

ዕብራይስጡን ግን ለማሳያ በሚቀመጠው ቅጂ ላይ እንዳይነኩት እመክራለሁ። ኖርማላይዜሽን በአንድ ፊደል ላይ ያሉትን ምልክቶች በተወሰነ የደረጃ ቁጥር ስለሚደረድራቸው ቅደም ተከተላቸው ይለወጣል። በአብዛኛው ቃል ላይ ጥሩ ፎንት ይህን ይችለዋል፤ «ኢየሩሳሌም» ላይ ግን አይችለውም። ይህ ስም በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዮድ ሳይጻፍለት ስለሚመጣ ላሜድ ብቻዋን ሁለት አናባቢ ትሸከማለች፤ ፓታሕ ወይም ቃሜጽ ይቀድማል፣ ሒሪቅ ይከተላል። ኖርማላይዜሽኑ ሒሪቅን ያስቀድመዋል፤ ንባቡም ይበላሻል። በጥንቃቄ የተዘጋጁ ጽሑፎች ይህን ለመከላከል በሁለቱ መካከል 847 የተባለ የማይታይ ማያያዣ ያስገባሉ። የማይታዩ ምልክቶችን ሲያጸዱ ይህን አብረው እንዳይሰርዙት።

ፎንት

አፕሊኬሽኑን መጀመሪያ ለሰው ያሳየሁት ዘጌ ነው። ላፕቶፔን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሬ፣ አንድ የመጻሕፍት መምህር ፊት ከፍቼ አስቀመጥሁት። ፎንቶቹን ከውጭ አገልግሎት በኢንተርኔት እንዲመጡ አድርጌ ስለነበር፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ አንዳቸውም አልመጡም። ግእዙ ታየ፤ ዕብራይስጡ ግን የዜማ ምልክቶቹ ከፊደላቱ ተላቀው በነጠብጣብ በተሠራ ክብ ላይ ተቀምጠው ታዩ። በግእዝ ዜማ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ቦታውን ቢስት ዜማው እንደሚጠፋ የሚያውቁት መምህር ዝም ብለው ተመለከቱት፤ እኔም በጣም አፈርሁ።

ስለዚህ ፎንቱ ከራስዎ ሰርቨር ይምጣ። ለዕብራይስጥ አናባቢውንም የዜማ ምልክቱንም በትክክል የሚያስቀምጠውን «ኤዝራ ኤስአይኤል»፣ ለግሪክ «ጄንቲየም ፕላስ»፣ ለግእዝ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» እጠቀማለሁ፤ ሦስቱም በነጻ የፎንት ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው። ለዌብ ወደተጨመቀው የፎንት ፋይል፣ ወደ «ዎፍ2»፣ ቀይረው በሲኤስኤስ «ፎንት-ፌስ» ያስገቧቸው፤ «ዩኒኮድ-ሬንጅ» በሚለውም ለዕብራይስጡ ከ1424 እስከ 1535፣ ከዚህ ጋር 847ን፣ ለግሪኩ ከ880 እስከ 1023 እና ከ7936 እስከ 8191 ይወስኑ። በዚህ መንገድ ግሪኩን ያልከፈተ አንባቢ የግሪኩን ፎንት ለማውረድ ዳታ አያባክንም። ፎንቱን ለማሳነስ በኢንተርኔት የሚገኙ መቀነሻዎችን ከተጠቀሙ ውጤቱን ይመርምሩ፤ ምልክት በፊደል ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚናገረውን «ጂፖስ» የተባለ ሠንጠረዥ የሚጥሉ አሉና።

ግሪኩን በስልክ ላይ በጥንቃቄ ይፈትሹ። የዛሬው የግሪክ አጻጻፍ ከ1982 ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ አንድ አክሰንት ብቻ የሚጠቀም በመሆኑ፣ የትንፋሽ ምልክቶች ያሉትን የጥንቱን ግሪክ ሙሉ በሙሉ የማይዙ ፎንቶች ብዙ ናቸው።

በአቀራረቡ ላይ የመስመሩን ከፍታ ከፊደሉ መጠን ቢያንስ 1.8 እጥፍ አድርጉት፤ አለዚያ የላይኛው መስመር የታች ምልክትና የታችኛው መስመር የላይ ምልክት ይጋጫሉ። ዕብራይስጡ ከግእዙ ጎን ሲቀመጥ አንሶ ስለሚታይ ከ15 እስከ 20 በመቶ አሳድጉት። በፊደላት መካከል ተጨማሪ ክፍተት፣ ማዘንበልም አይስጡት።

ፍለጋ

አንባቢ ምልክቶቹን ሁሉ አሟልቶ አይጽፍም። ለማሳያው ከተቀመጠው ሌላ፣ ምልክት የሌለው የፍለጋ ዓምድ ይኑር። ለዕብራይስጡ ከ1425 እስከ 1479 ያሉትን ማስወገድ ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ መካከል 1470 «ማቄፍ» ነው። እርሱ አናባቢ ሳይሆን ሁለት ቃል የሚያያይዝ ሰረዝ ስለሆነ በክፍት ቦታ ይተኩት፤ ከሰረዙት ሁለቱ ቃላት ይጣበቃሉ። 1472፣ 1475 እና 1478ም ሥርዓተ ነጥብ እንጂ አናባቢ አይደሉምና እንዲሁ ያድርጉ። ካፍ፣ ሜም፣ ኖን፣ ፌና ጻዴ በቃል መጨረሻ ላይ የተለየ ቁጥር እንዳላቸው፣ በግሪኩም የቃል መጨረሻው ሲግማ 962፣ የመካከሉ 963 መሆኑን አይዘንጉ፤ በፍለጋው ዓምድ ወደ አንድ ያምጧቸው።

ሦስቱን ዓምዶች በመዝሙር ቁጥር ብቻ አታገናኟቸው። ግእዙ የግሪኩን አቆጣጠር ይከተላል፤ የዕብራይስጡ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር በግሪኩ አንድ ላይ 9ኛው ስለሆኑ፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ይለያያል። በተጨማሪም ዕብራይስጡ የመዝሙሩን አርእስት ብዙ ጊዜ እንደ ቁጥር 1 ይቆጥረዋል። የማገናኛ ሠንጠረዥ ለብቻው ያዘጋጁ።

መፈተሻ

ዕብራይስጥ የማያነብ ፕሮግራመር ሥራውን በዓይኑ የሚፈትሽበት መንገድ ያገኘሁት ከእኒያው የዘጌ መምህር ነው። ፎንቱን አስተካክዬ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ፣ በግእዙ 118ኛ፣ በዕብራይስጡ 119ኛ የሆነውን መዝሙር እንድከፍት ጠየቁኝ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ይህ መዝሙር በአሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል ስያሜ እንደሚከፋፈል ያውቃል፤ ክፍሎቹ 22 ናቸው፣ እያንዳንዱም 8 ቁጥር አለው። በዕብራይስጡ የአንድ ክፍል 8 ቁጥሮች በሙሉ በክፍሉ ስያሜ ፊደል ይጀምራሉ። መምህሩ ጣታቸውን በስክሪኑ የቀኝ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ከላይ ወደ ታች እያወረዱ፣ «አሌፍ የምትባለው ይህች ናት? ታዲያ ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን ወደ ውስጥ ገባች?» አሉኝ። በዚያ መስመር ታግ ላይ «ዲር» ረስቼ ነበር።

ይህን መዝሙር ይክፈቱ፤ እያንዳንዱን ቁጥር በአዲስ መስመር ያስጀምሩ፤ የቀኙን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ይከተሉ። አንድ ፊደል ስምንት ጊዜ በቀጥታ መስመር ተደርድራ መታየት አለባት፤ ከዚያ ቀጣይዋ ፊደል ትመጣለች። በክፍል መካከል ፊደል ከተለወጠች ጽሑፉ ተዛብቷል፤ ፊደሏ ትክክል ሆና ከጠርዙ ከገባች አቅጣጫው ጎድሎታል። ይህን በላፕቶፕ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስልኮችና በሁለት ብራውዘሮች ላይ፣ ኢንተርኔቱን ዘግተው ጭምር ያድርጉት። በ176ኛው ቁጥር መጀመሪያ ላይ፣ በቀኙ ጠርዝ፣ ታው ልትገኝ ይገባል።